ጽዋውን ተከትለን የወጣን ቀን

የመጋዝ ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር ብል ማንም አያምነኝም። ግን እውነቴን ነው። መጋዙ እየጮኸ እስካለ ድረስ ሰውየው ሥራ ላይ ነው፤ ሁለት እጁም እንጨት ይዟል። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ድምፁ ቀጥ ሲል እማዬ ማማሰያዋን እንደያዘች ትቆማለች፣ የእኔም እስክሪብቶ ደብተሬ ላይ ይቆማል፣ ሁለታችንም እንደ ሚዳቋ ጆሯችንን ወደ በሩ እናቀናለን። ውኃ ሊጠጣ ይሆናል። ደንበኛ መጥቶበት ይሆናል። ወይም ደግሞ ወደ እኛ እየመጣ ነው። መጋዙ እንደገና ሲጮህ እማዬ ማማሰሏን ትቀጥላለች፣ እኔም ያቋረጥኩትን ቃል እጨርሳለሁ። ስለ ምንም ነገር አናወራም።

ሰውየው እንጀራ አባቴ ነው እንዳልል እማዬና እሱ ሰማንያ አልተፈራረሙም። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ሞቷል። ሁለተኛ ክፍል ስማር እማዬ እኔን፣ ሁለት ሰታቴ፣ አንድ ሳፋና አንድ ሻንጣ ይዛ ከእሱ ጋር መኖር ጀመረች። ፊርማውን መጀመሪያ «መኸሩ ይግባ» አለ፤ ቀጥሎ «ፋሲካ ይለፍ» አለ፤ ቀጥሎ «ቤቱ ይለቅ» አለ። መኸሩም ገባ፣ ፋሲካም አለፈ፣ ቤቱም አለቀ፣ እኔም አሥረኛ ክፍል ደረስኩ።

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ከባሕር ዛፉ በታች ባለው ሰፈር። ቦታውን የገዙት አብረው ነው፤ የተጻፈው በእሱ ስም ነው። እሱ አናጢ ስለሆነ እንጨቱን አቆመ። ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሯ የረገጠችው ግን እማዬ ናት፤ ያን ጊዜ እኔም ከጎኗ ሆኜ እየዘለልኩ የረገጥኩ መስሎኝ ነበር። ቆርቆሮውም የተገዛው እሷ ለምግብ ቤቶች ከምታዘጋጀው በርበሬና ሽሮ በተገኘው ነው። ሰውየው መሥሪያውን የግቢው በር ላይ አደረገው፣ «ደንበኛ እንዲያየኝ» ብሎ። ደንበኛውም አየው። እሱ ደግሞ እኛን አየን። ወፍጮ ቤት ብንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ፣ እኔ ትምህርት ቤት ብሄድ በእሱ አጠገብ ነው የምናልፈው፤ ስንመለስም እንደዚያው።

መምታት የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። እማዬ ታውቃለች፣ አትናገርም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ክረምት በጣውላ ክንዷን የመታት ቀን ነው። ሽማግሌዎች መጡ፣ ጠላ ጠጡ፣ «አንተም ተው፣ አንቺም ቻይው» ብለው ሄዱ። እነሱ እንደሄዱ ሰውየው ድምፁን ሳያነሳ እንዲህ አላት።

«ከዚህ በር የምትወጪው በቃሬዛ ነው። በእግርሽ ብትወጪም ባዶ እጅሽን ነው። ሠራተኛዬ ነበረች ብዬ አስመሰክራለሁ። ሰማንያሽ የታለ?»

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተቀምጬ መምህሩ ሲያስተምር እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስመለስ እማዬ በእግሯ ቆማ አገኛት ይሆን?

እማዬ ያልወጣችው ስለፈራች ብቻ አይደለም። እግሯን ከቤቱ ካነሳች ቤቱን እንደተወች የሚቆጠር መስሏት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው እንዲህ ነው፤ «ወጥታ የሄደች ሴት ምን አላት?» ይላሉ። እሷም ጭቃ የረገጠችበትን ቤት ትታ፣ እኔን ይዛ ወዴት ትሂድ?

መላ ያመጡት ሙሴ ናቸው። ማኅበር የምትጠጡ ታውቁታላችሁ፣ የማኅበሩን መሪ ሙሴ እንለዋለን፤ የእማዬ የማርያም ማኅበር ሙሴ ግን ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። በሽበታቸው ላይ ሻሽ ያስራሉ፣ ምላሳቸው ደግሞ ከሰውየው መጋዝ ይበልጣል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የእማዬን ክንድ ሳብ አድርገው፣ «እዚያ ከመናኸሪያው ጀርባ ሴቶችን በነፃ የምትመክር የሕግ ባለሙያ አለች። ሂጂና ጠይቂያት። እኔን ብትጠይቂኝ የማውቀው ርግማን ብቻ ነው» አሏት።

እንዴት እንሂድ? ሽንብራ ልናስፈጭ ነው ብለን ወጣን። ሽንብራውን ወፍጮ ቤት ተራ አስያዝንና በወፍጮ ቤቱ ጓሮ በኩል ሮጥን።

የሕግ ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ከወሎ የመጣች፣ ሂጃብ የምታደርግ። እማዬ ገና «ሰማንያ የለኝም» ብላ ስትጀምር ልጅቷ ወንበሯን ወደ እኛ አቀረበች።

«አብሽሪ እናቴ። እንደ ባልና ሚስት ነው ወይ የኖራችሁት? ጎረቤት እንደዚያ ያውቃችኋል?»

«ያውቃል።»

«ከሦስት ዓመት በላይ?»

እማዬ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷ ሁለተኛ ክፍል ከነበረች ጀምሮ።»

«እንግዲያው በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት የጋራ ነው። ስሙ የማንም ይሁን። ይዘሽው የገባሽው ደግሞ የብቻሽ ነው። ወጥተሽ ብትሄጂ መብትሽ እዚያው ቤት ውስጥ አይቀርም፤ አብሮሽ ይወጣል።»

ይህን ያህል ጊዜ ለቤቱ ስትል የተመታች ሴት፣ መብቷ ቤቱ ውስጥ ታስሮ እንዳልነበር ስትሰማ ምን ትላለች?

ባለሙያዋ ግን ገና አልጨረሰችም። እሱ እንዳይሸጠው ፍርድ ቤት እግድ እንደምትጠይቅልን፣ ሠራተኛዬ ናት ካለ ግን ምስክር እንደሚያስፈልገን ነገረችን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። ከሁሉም የሚከፋው የምትወጪበት ቀን ነው። እንዳትነግሪው። ተናደሽም ቢሆን እንዳታስፈራሪው። በቀን ውጪ፣ ሰው ባለበት። ለፖሊስ አስቀድመን እንናገራለን። ልብሳችሁን፣ መታወቂያሽን፣ የልጅቷን የትምህርት ማስረጃ ያዢ፣ ይዘሽ የገባሽውንም ያዢ። ሌላውን ፎቶ አንሺና ተዪው። አንድ ማንኪያ እንኳን የእሱን እንዳትነኪ።»

«እንዴት ነው የምወጣው?» አለች እማዬ። «በሩ ላይ ተቀምጧል እኮ።»

«ሰፈርሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለች ባለሙያዋ።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ስንመለስ ሽንብራው ተፈጭቶ ጠበቀን። ዱቄት ያልነካው ሰው ከወፍጮ ቤት አይመለስም፤ ስለዚህ እፍኝ ዱቄት አንስቼ ፀጉሬ ላይ ነሰነስኩ፣ የእማዬንም ነጠላ ዱቄት በዱቄት አደረግሁት። በሩ ላይ ስንደርስ ሰውየው አየንና፣ «ወረፋው በዝቶ ነበር እንዴ?» አለ። እማዬ «በዝቶ ነበር» አለች። እኔ አነጠስኩ። ሳቀብኝ። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤ ይሄም ያስፈራኛል።

ወሩ የጽጌ ነበር፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ የሆነበት፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበት የሚታሰብበት። የማኅበሩም ተራ የእማዬ ነበር። ሙሴ ይህን ሲያሰሉ ዓይናቸው በራ። ማኅበር በሚጠጣበት ቤት ዕቃ ከየጎረቤቱ ይዋሳል፤ ማኅበሩ ሲያበቃ ሴቶቹ ድስቱንም ብርጭቆውንም ተሸክመው ወደየቤታቸው ይመልሳሉ። ያን ቀን ከበራችን ዕቃ ሲወጣ ማን ይጠይቃል? መጨረሻ ላይ ደግሞ ጽዋው ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ቤት ይሄዳል። ማኅበሩን ያወጣችው ሴት እስከዚያች ቤት ድረስ በእልልታ ትሸኘዋለች። ጽዋ የሚሸኝን ሰው የሚያቆም የለም። ቀጣይዋ ተረኛ የምትኖረው ደግሞ ከመናኸሪያው አጠገብ ነው።

እማዬ ግን ፈራች። «በማርያም ጽዋ ሰው ላታልል?»

«እመቤታችን ከሄሮድስ ስትሸሽ ተሰናብታው ነው እንዴ የወጣች?» አሉ ሙሴ። «ወሩም የእሷ፣ ጽዋውም የእሷ፣ መንገዱም የእሷ። ዝም ብለሽ ጠላሽን ጥመቂ።»

የእኔ ሥራ ምልክት ማድረግ ነበር። በሰፈራችን የተዋሰ ዕቃ እንዳይደባለቅ እያንዳንዷ ሴት ከዕቃዋ ሥር ምልክት አላት፤ አንዷ ክር ታስራለች፣ አንዷ ትፍቃለች። ጎረቤታችን በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። እኔም ከክፍል ጓደኛዬ የጥፍር ቀለም ለምኜ እማዬ ይዛ በገባቻቸው ሁለት ሰታቴዎችና ሳፋ ሥር የጎረቤታችንን ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ሥራው ደስ አለኝ፤ ነጥቦቼ ክብ ነበሩ። ደስ ስላለኝም አልበቃኝም። ተቀምጬ የማጠናባት ትንሽ በርጩማ ነበረች። እሷንም ገልብጬ ቀይ ነጥብ አደረግሁባት።

በርጩማዋን የሠራው ሰውየው ነው። አናጢ የገዛ እጁን ሥራ ከሺህ መሐል እንደሚለይ አላሰብኩም።

የማኅበሩ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰውየው ነጭ ለብሶ፣ ከካህኑ ጎን ተቀምጦ እንግዳ አስተናገደ። «ብሉ እንጂ፣ ጠጡ እንጂ» ይላል። ንፍሮ ያድላል። የማያውቀው ሰው ቢያየው እንዲህ ዓይነት ባል ይስጠኝ ይላል። ካህኑ ዳቦውን ባርከው፣ «የዚህን ቤት ባልና ሚስት እድሜ ከጤና ይስጥልን» ሲሉ ሰውየው ከሁሉም ጮክ ብሎ «አሜን» አለ። ሙሴ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው፣ ሰምታችኋል አይደል እንደሚል ሰው።

ጠላው ሲጋመስ ሰውየው ተነሥቶ ወደ መሥሪያው ሄደና በሩ ላይ ተቀመጠ። ለምን እንደሄደ አላውቅም። ልማዱ ይሆናል።

ሴቶቹ ዕቃ መመለስ ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰታቴ ወጣ፤ ውስጡ የእማዬ ልብስ ነበር፣ ከላይ ትሪ ተደፍቶበታል። ሁለተኛው ሰታቴ ወጣ፤ በውስጡ የእኔ ልብስና የትምህርት ማስረጃዬ ነበሩ። ሳፋው በብርጭቆ ተሞልቶ ወጣ። በመስኮት እያየሁ እያንዳንዱ በሩን ባለፈ ቁጥር ትንፋሼን እለቅ ነበር። ከዚያ ጎረቤታችን በርጩማዋን በብብቷ ይዛ ብቅ አለች።

«ቆይ እስቲ እትዬ» አለ ሰውየው። «ይቺ የእኔ እጅ ናት።»

ጎረቤታችን በርጩማዋን ወደ ብብቷ አጠበቀች። ሙሴ ከኋላ ደረሱ። «ያንተ እጅ ያልነካው በርጩማ በዚህ ሰፈር የት አለና ልጄ? የእኔም ያንተ ነው፤ በተቀመጥኩበት ቁጥር እስክስታ ይመታል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ግን በርጩማዋን ተቀብሎ ገለበጣት፣ ቀዩን ነጥብ በአውራ ጣቱ ነካው፣ ጣቱን አሸተተው።

«ቀለሙ ገና ይሸታል» አለ። ሳቁ ጠፋ። ወደ ቤቱ ዞሮ እኔን መስኮቱ ላይ አየኝ። «አንቺ፣ ነይ እስቲ።»

ሄድኩ። አውራ ጣቴ ላይ ያልለቀቀ ቀይ ቀለም ነበር፤ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

በዚያች ቅጽበት ከቤት ውስጥ እልልታ ተነሣ። ጽዋው እየወጣ ነበር። ቀጣይዋ ተረኛ በነጭ ጨርቅ ሸፍና አቀፈችው፣ ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እማዬ ጧፍ ይዛ ከጎን። ሰው ሁሉ ቆመ። ሰውየውም በርጩማዋን አስቀምጦ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።

«በሩን ክፈትላት እንጂ» አሉት ሙሴ። «ሁለቱንም ሳንቃ፤ ጽዋ በጠባብ አይወጣም።»

በሩን ከፈተ። በራሱ እጅ ሁለቱንም ሳንቃ ከፈተልን። ካህኑ አለፉ፣ ጽዋው አለፈ። እማዬ ስታልፍ ሰው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ፣ «ቶሎ ተመለሽ» አላት። «እሺ» አለች ቀና ሳትል። እኔ ልከተላት ስል ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። ከባድ እጅ፣ ያልተላገ ጣውላ የመሰለ።

«አንቺ እዚሁ ቆዪ። የምንነጋገረው አለ።»

እማዬ መንገዱ ላይ ነበረች። ሦስት አራት እርምጃ ሄዳለች። ዞር ብላ ትከሻዬ ላይ ያለውን እጅ አየች። ፊቷን መቼም አልረሳውም፤ ብትሄድ እኔ ቀረሁ፣ ብትመለስ ሁለታችንም ቀረን። ቆመች። እሷ ስትቆም ጽዋውም ቆመ፣ ካህኑም ቆሙ፣ እልልታውም ተቋረጠ።

«ምነው?» አሉ ካህኑ። ስለ መውጣታችን ምንም አያውቁም ነበር።

«አባ፣ ጧፉን የምትይዘው ልጄ ናት» አለች እማዬ። ድምፅዋ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «ያለ እሷ አልሄድም።»

ካህኑ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ታዲያ ነይዋ ልጄ። ጽዋውን መንገድ ላይ ታቆሚዋለሽ?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። ሰውየውም ሰው እያየው መሆኑን አየ። እጁ ከትከሻዬ ተነሣ፤ እንደሚወደኝ ሰው መታ መታ አድርጎኝ ነው የተነሣው። ሄድኩ። ጧፉን ከእማዬ ተቀበልኩ። እልልታው እንደገና ሲነሣ አብሬ እልል አልኩ። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ድረስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ሰሙ እጄ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳን አላወቅሁትም፤ ያቃጠለኝን ያየሁት በኋላ ነው።

ተረኛዋ ቤት ጽዋው በክብር ተቀመጠ። የሕግ ባለሙያዋ ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር በር ላይ ትጠብቀን ነበር። ሰታቴዎቹ በባጃጅ ተጫኑ። ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ስለነበር በዚያው ቀን ሉማሜ ደረስን፣ አክስቴ ቤት። ሰውየው በማግሥቱ ሙሴ ደጅ ሄዶ ሲደነፋ ፖሊስ እንደወሰደውና በዋስ እንደተፈታ ሰማን። ወደ እማዬ ዝር እንዳይል ታዘዘ፤ ቤቱም እንዳይሸጥ ታገደ። ወረቀት ሰው ያስቆማል? እንጃ። እኔ ግን ከደብረ ማርቆስ የሚመጣ አውቶቡስ ሉማሜ ላይ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ሁሉ በመስኮት አየው ነበር።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ እንዳለው አለ። «ሠራተኛዬ ነበረች። አዝኜላት ነው ከነልጇ ያስጠጋኋት።»

ሙሴ ለምስክርነት ተጠሩ። ዳኛው ሁለቱ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ጠየቋቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ ማኅበር ያወጣችው በዚያ ቤት ነው» አሉ ሙሴ። «ሠራተኛ በጌታዋ ቤት ማኅበር ታወጣለች? ጠላውን የጠመቀችው በስሟ ነው። እሱም አብሯት እንግዳ ሲያስተናግድ ውሏል። ካህኑ ባልና ሚስት ብለው ሲመርቁ አሜን ያለው እሱ ነው። የእኔ ጆሮ ደክሞ ይሆናል፤ የሃያ ሴት ጆሮ ግን አይደክምም።»

ካህኑም መጡና እውነት ነው አሉ። እኔን ሳያዩኝ ወጡ፤ ያፈሩ ይመስለኛል። «ቻይው» ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ፍርድ ቤቱ ንብረቱ የጋራ ነው አለ። እንዴት እንደሚካፈሉ ሲጠየቁ ሰውየው ተነሣና ሰው ሁሉ የተገረመበትን ነገር ተናገረ። በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቤቱን ሙሉውን እሷ ትውሰድ። ልጅ ያላት ሴት ናት። ለእኔ በሩ ላይ ያለችው መሥሪያዬ ትበቃኛለች» አለ።

ከኋላችን «ይኸው፣ ሰው ነው እኮ» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። እኔም ለአፍታ ልቤ ዘለለ፤ ቤታችን፣ የእኔ መስኮት፣ የእኛ ጭቃ። ከዚያ ገባኝ። እማዬን አየኋት፣ እሺ እንዳትል ጸለይኩ።

«አልፈልግም» አለች እማዬ።

ዳኛው ገረማቸው። «ከድርሻሽ በላይ እኮ ነው የሰጠሽ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል ክቡር ዳኛ። ቤቱ ይገመትና ድርሻዬ ይሰጠኝ። ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሌላ እሠራለሁ።» ወደ እሱ አልዞረችም። «በሩ የእሱ ከሆነ ቤቱ የእኔ አይደለም።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረው «ግምት፣ ብለህ ጻፍ» አሉት። ሰውየው ቀድሞ ወጣ። እኛን እዚያው እንድንቀመጥ አደረጉን፣ እሱ ከግቢው መራቁን ሴቷ ፖሊስ አይታ እስክትመለስ። እማዬ እጄን ይዛ ነበር። ፖሊሷ ተመልሳ «ሄዷል» ስትለን ሁለታችንም ወዲያው አልተነሣንም።